የሰፈር ልጅ ሰፋሪ ነው እንዴ?

«ላንቻ፣ ጎተራ፣ ሳሪስ! ሁለት ሰው የቀረው!»

መስቀል አደባባይ ጥግ ቆሞ እንዲህ የሚጮኸውን የታክሲ ረዳት «አንተ፣ ጣሊያንኛ እኮ እየተናገርክ ነው» ብትሉት ወይ ይስቅባችኋል፣ ወይ «የሚገባ ይግባ፣ የማይገባ መንገድ ይልቀቅ» ይላችኋል። እውነቱ ግን ያው ነው። ላንቻ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከጣሊያኑ የመኪና ኩባንያ ነው ሲባል ነው ያደግነው። ኩባንያውን ቪንቼንዞ ላንቻ እ.ኤ.አ. በ1906 ቱሪን ከተማ ላይ አቋቋመው፤ የጭነት መኪናዎቹ ከወራሪው ጦር ጋር አገራችን ገቡ፤ ጦሩ ተባሮ ሲወጣ ስሙ እዚሁ ቀረ። እኛም ተወልደን አደግንበት።

ባለፈው ሰሞን እዚያው ላንቻ አካባቢ ማኪያቶ ይዘን (ማኪያቶም ጣሊያንኛ ነው፣ አውቃለሁ) ሦስት ጓደኛሞች ስናወራ ወሬው እንደተለመደው ወደ ከተማዋ ዞረ። የማን ናት? ቤተሰቦቹ ከሰበታ የመጡት ጓደኛችን ፈገግ እያለ «እናንተማ ሰፋሪዎች ናችሁ» አለን። አያቱ ከመንዝ የመጡት ሌላው ደግሞ «እኔ የሰፈር ልጅ ነኝ እንጂ ሰፋሪ አይደለሁም» ብሎ መለሰ። ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን ማኪያቶው አልጣፈጠም።

ቤቴ ስገባ ነገሩ ከራሴ አልወጣ አለ። «ሰፈር» እና «ሰፋሪ» እኮ የአንድ ግስ ልጆች ናቸው። ሰፈረ ማለት ጓዙን አውርዶ ድንኳን ተከለ ማለት ነው። ምኒልክና ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃው አጠገብ ከተማ ሲቆረቁሩ ለየመኳንንቱ ቦታ ተመራ፤ መኳንንቱም ጭፍሮቻቸውን ይዘው ሰፈሩ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የምንለው ሁሉ የዚያ ዘመን የድንኳን ጉልቻ ምልክት ነው። ስለዚህ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ደረቱን ነፍቶ «የሰፈሬ ልጅ!» ሲል፣ ቃሉን በጥሬው ከወሰድነው፣ «አብሮኝ የሰፈረ!» እያለ ነው። እኛ ግን አንደኛውን ቃል መኩሪያ፣ ሁለተኛውን ስድብ አድርገን ይኸው እስከ ዛሬ አለን።

መቼም ይህን ጉዳይ ያነሳ ሰው ወዲያው «የየትኛው ወገን ነህ?» ይባላል። እኔ የላንቻ ነኝ። ከዚያው ከቆምኩበት ልጀምር።

ከመስቀል አደባባይ ወደ ደብረ ዘይት መንገድ ስትወርዱ የምታልፏቸውን ስሞች ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሪቼ፣ ተመንጃ ያዥ፣ ላንቻ፣ ጎተራ። ፖፖላሬም ከዚያው ብዙም አይርቅም። ፖፖላሬ ጣሊያን ለሠራተኞቹ የሠራቸው የሕዝብ ቤቶች ስም ነው። ካዛንቺስም እንደዚሁ። የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ «ኢንቺስ» የሚባል ድርጅት ነበራቸው፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 እስከ መጋቢት 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ያህል ነው ጣሊያን አዲስ አበባን የያዛት። የአምስት ዓመት ሰፋሪ ሰማንያ ምናምን ዓመት የሚጠራ ስም ትቶ ሄደ።

የመርካቶው ደግሞ ይብሳል። ጣሊያኖች ነጭና ጥቁር አንድ ላይ እንዳይገበያይ ብለው የአራዳውን ገበያ አፍርሰው ሕዝቡን ወደ ምዕራብ ገፉትና አዲሱን ገበያ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አሉት። የአገሬው ገበያ ማለት ነው። እኛ ታዲያ ምን አደረግን? «ገበያ» የሚለውን ጣሊያንኛ ይዘን «የአገሬው» የሚለውን ጣልነው። እርግጥ በእነሱ አፍ «ኢንዲጄኖ» የክብር ቃል አልነበረም፤ ዝቅ ማድረጊያ ነበር፤ ብንጥለው አይፈረድብንም። ግን እንዲያው ሳስበው ይገርመኛል፤ ከሁለት ቃል አንዱን ምረጡ ስንባል የሰፋሪውን አስቀርተን የአገሬውን የጣልነው እኛው ነን። ይህ ልማድ ደግሞ በመርካቶ አላበቃም።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ግማሽ ጣሊያን ናቸው የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። «ሙሴ» ነበር የምንላቸው። አማርኛቸው የተሰባበረ ነበር፤ ሴቱን «አንተ»፣ ወንዱን «አንቺ» ይሉ ነበር። እኛ ታዲያ ቁጭ ብለን እንሰማቸዋለን፤ ቤታችን ስንገባም እንደሳቸው ለመናገር እንሞክራለን። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ጎማ። ከዚያም ከፍ ስንል ታርጋ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ። ላንቻ ያደገ ልጅ እነዚህን ቃላት አቡጊዳ ሳይቆጥር ነው የሚያውቃቸው። እናቴ ሙሴን «እርስዎ» ትላቸው ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቅቤና አይብ የሚያመጡ እናት ነበሩ። ከቃሊቲ ማዶ፣ ገላን ከሚባል አገር፣ በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍረው ይመጣሉ። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ፣ ጠረኑ እስከ በሩ ድረስ። እናቴ «አዴ» ትላቸዋለች፤ እኛም «አዴ» እንላለን። የእሳቸውም አማርኛ የተሰባበረ ነበር፤ እሳቸውም «አንተ» እና «አንቺ» ይቀላቅሉ ነበር። እዚህ ላይ ግን እንስቅ ነበር። ፊት ለፊታቸው። ደጋግመን እያስመሰልን። እናቴም እየሳቀች «አትሳቁባት» ትለን ነበር። አያችሁት? ሙሴ «እርስዎ»፣ አዴ «እሷ»። በዕድሜ አዴ ከእናቴ ይበልጡ ነበር።

አዴ ስማቸው እንዳልሆነ ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። በአፋን ኦሮሞ «አዴ» ማለት እንደ «ወይዘሮ» ያለ የማክበሪያ ቃል ነው። ሙሴም ስም አይደለም፤ ከፈረንሳይኛው «ሙስዩ» የመጣ ማክበሪያ ነው። የሙሴን እውነተኛ ስም ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ሲሞቱ ዕድሩ ወጥቶ ቀብሯቸዋል። የአዴን ስም ግን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ከስንት ዓመት ቅቤ በኋላ።

ይሄን የምጽፈው ራሴን ለመገረፍ አይደለም። የአገር ማንነት የሚባለው ነገር እንዲህ በጓሮ ሲሠራ ስላየሁት ነው።

አሁን ወደ አንድ ደስ የሚል ታሪክ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው በአርመኖቹ ገዳም ከጭፍጨፋው የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። ወደዷቸው። አርባውን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» ተባሉ። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን አብሯቸው መጣ። ይኸው ስደተኛ ነው እንግዲህ ለንጉሡ የ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው። ግጥሙን ጎጃሜው ዮፍታሔ ንጉሤ ጻፈው። አገር ያጣ ሰው ለሌላ ሰው አገር መዝሙር ሠራ፤ መዝሙሩም እስከ አብዮቱ ድረስ ሲዘመር ኖረ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ስንት ሙዚቀኛ አሠለጠነ። ፎቶግራፍ ካላችሁ የቦያጂያን ቤተሰብ አለ፤ ከምኒልክ ጀምሮ የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺዎች። የነገሥታቱን ፊት ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው በአርመኖች መነጽር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ታሪክ የማይወድ የአዲስ አበባ ልጅ አላጋጠመኝም። እኔም እወደዋለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፤ ለምንድነው እንዲህ የሚቀለን?

የኔ መልስ ይኸውና። አርመኑ ምንም አይጠይቀንም። በአንድ ወቅት ከሺህ ያልፉ የነበሩት አርመኖች አብዮቱ ንብረት ሲወርስ ጊዜ ተበተኑ፤ አሁን የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። ፒያሳ ላይ ቤተ ክርስቲያናቸው አለ፤ ዜማቸው አለ፤ ካሳ የሚጠይቅ ግን የለም። «መሬቱ የኔ ነበር» የሚል የለም። እንዲህ ያለውን ሰፋሪ ማድነቅ ኪስ አይነካም። «እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ» ይባል የለ? አርመኑ ወርቅ ሆኖ ቀረ፣ ምክንያቱም ጨርቅ ሳይሆን ሄደ።

የአዴ ነገር ግን ሌላ ነው። አዴ የመጡበት ገላን የቦታ ስም ብቻ አይደለም፤ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ጉለሌም ጎሳ ነው። የካ የምንለውም ኤካ ከሚባለው ጎሳ ነው። ላፍቶ የግራር ዛፍ ነው፣ ቀበና ቀዝቃዛ፣ ቱሉ ዲምቱ ቀይ ኮረብታ። አንዳንዶቹ የክፍለ ከተማ ስም ሆነው በየመታወቂያችን ላይ ተጽፈዋል፤ አንዳቸውንም እንደ ቃል ሰምተናቸው አናውቅም። «ላንቻ» የመኪና ስም መሆኑን የሚያውቅ ልጅ «ላፍቶ» ዛፍ መሆኑን አያውቅም። ፊንፊኔ ደግሞ ፍልውሃው የፈለቀበት፣ ከብቱ ሆራ የሚወርድበት ሜዳ ነበር፤ ከላንቻ በእግር ብትሄዱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘንድ የነበረው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ ንጉሡ ወደዚህ ሜዳ የዘመቱትን ዘመቻ ተከትሎ አይቶ መጽሐፉ ውስጥ አስፍሮታል። ደስ የሚል ንባብ አይደለም። ከተማዋ ከመቆርቆሯ አርባ ዓመት በፊት እዚህ ሰው ይኖር እንደነበር፣ ያ ሰውም ቤቱ እንደተቃጠለበት የጻፈው ባዕድ ነው፤ ከዘመቻው ጋር የመጣ እንጂ የኦሮሞ ተሟጋች አልነበረም።

ተመንጃ ያዥ የሚለውን ሰፈር ስም ደግሞ እስኪ አስቡት። ጠመንጃ የያዘ። በሌላ አማርኛ ነፍጠኛ። በአንዱ ቃል ሰው ይጣላል፤ በሌላው ቃል በታክሲ ተሳፍሮ ይሄዳል። ቃሉ ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ አንዱ አንባቢ «ከኦሮሞ በፊትስ?» ማለቱ አይቀርም። በረራን ያነሳብኛል። እውነት ነው፤ ፍራ ማውሮ የሚባል የቬኒስ መነኩሴ በ15ኛው መቶ ዘመን በሠራው ካርታ ላይ በረራ የሚባል የነገሥታት ከተማ አለ፤ ተመራማሪዎችም ወጨጫና እንጦጦ፣ የረር ተብለው በሚጠሩት ተራሮች አካባቢ ይሆናል ይላሉ። ይሁን። ማን ቀደመ የሚለው ሩጫ ግን መጨረሻ የለውም፤ በረራን ያነሳ ሰው ከበረራ በፊት ለነበረው ምን ሊል ነው? ለእኔ የሚከብደኝ ማን ቀደመ የሚለው አይደለም። ከእኛ ጋር፣ በእኛ ዘመን፣ ቅቤ ይዞ በራችን ላይ ቆሞ የነበረው ሰው ድምፅ ያልተሰማ መሆኑ ነው የሚከብደኝ።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ ትንሽ ወጣ ልበል። ስኮትላንዳዊ ሲባል እኛ የምናውቀው ጀምስ ብሩስን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ የተመለሰውን። ብሩስ ተመላሽ ነበር። በዚያው ዘመን ግን ሳይመለሱ የቀሩ ብዙ ስኮትላንዳውያን ነበሩ። የደጋው አገር ባላባቶች ከገባሩ ይልቅ በግ ያዋጣናል ብለው ገበሬውን ከመሬቱ ይነቅሉት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1773 «ሄክተር» የምትባል መርከብ ወደ 200 የሚጠጉትን ጭና ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ አወረደቻቸው። ኖቫ ስኮሺያ ማለት በላቲን «አዲሲቱ ስኮትላንድ» ነው። (አዲስ ከሚል ስም የሚርቅ ሰፋሪ የለም መሰለኝ፤ እኛም «አዲስ አበባ» ነው ያልነው።) የተፈናቀሉት ሰዎች የሰፈሩበት አገር ግን ባዶ አልነበረም፤ ሚክማቅ የሚባሉ ሕዝቦች አገር ነበር። የተነቀለው ሳያውቀው ነቃይ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ከእኛ ጋር ይመሳሰልብኛል። በኖቫ ስኮሺያ የስኮትላንድ ነገር ጌጥ ነው። ቀሚሱ፣ ሙዚቃው፣ አንቲጎኒሽ በምትባል ከተማ ከ1863 ጀምሮ የሚካሄደው የደገኞች ጨዋታ። ማንም አይጣላበትም። የሚክማቁ ድምፅ ሲነሳ ግን ዓሣ ይነሳል፣ መሬት ይነሳል፣ ውል ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1999 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሚክማቆች በ1760ና 61 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ዓሣ አጥምደው የመተዳደር መብት አላቸው ብሎ ወሰነ፤ ወዲያው ግርግር ተነሣ፤ በ2020 እንኳ ስለ ሎብስተር ማስገሪያ መጋዘን ተቃጥሏል። የካናዳ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ማክዶናልድ ግላስጎው የተወለደ ስኮትላንዳዊ ነው፤ የነባሮቹን ልጆች ከወላጆቻቸው ነጥሎ ቋንቋቸውን ያስረሳቸው የአዳሪ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት በእሱ ዘመን ነው የተስፋፋው። «ካናዳ» የሚለው ስም ራሱ ግን ከነባሮቹ ቋንቋ ነው፤ «መንደር» ማለት ነው። ስሙን ወሰዱ፣ ቋንቋውን ዘጉ። እኛም ላፍቶን ወስደን በላፍቶ ቋንቋ ሳቅን።

እዚያ ምን እንደተደረገም ላንሳ፣ ፍትሐዊ ለመሆን። እ.ኤ.አ. በ2022 ኖቫ ስኮሺያ የሚክማቅን ቋንቋ የክፍለ ሀገሩ የመጀመሪያ ቋንቋ ብሎ የሚያውቅ ሕግ አወጣ። ለስኮትላንዶቹ ጌሊክ ቋንቋም ከ2006 ጀምሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለው፤ እሱም በየትምህርት ቤቱ ተረግጦ ሊጠፋ የደረሰ ቋንቋ ነበርና። አንዱን ለማንሳት ሌላውን መጣል አላስፈለገም። ሁሉም ነገር ተፈታ ማለቴ አይደለም፤ የዓሣው ጠብ ገና አላለቀም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ «ልዩ ጥቅም» አለው ይላል፤ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ይላል። በ2009 ዓ.ም. ረቂቅ አዋጅ ወጣ፤ ከተማዋ በፊንፊኔም በአዲስ አበባም እኩል ትጠራ የሚል ነበረበት። ሳይጸድቅ ቀረ። ከዚያ በፊት በማስተር ፕላኑ ሰበብ በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. የፈሰሰውን ደም ሁላችንም እናውቃለን። እኛ የሰፈር ልጆች ያን ጊዜ የት ነበርን? አብዛኞቻችን ካፌ። ጉዳዩ የኛ አልመሰለንም ነበር።

ሌላውንም ወገን ሳልናገር አላልፍም። መስከረም 2012 ዓ.ም. ኢሬቻ ወደ ሆራ ፊንፊኔ ሲመለስ ደስ ብሎኝ ወጥቼ አይቻለሁ። እርጥብ ሣር የያዙ እናቶች በላንቻ በኩል ሲያልፉ አንዳንድ ቤት ውሃ አውጥቶ ሰጥቷል። በ2015 ዓ.ም. ግን በየትምህርት ቤቱ የክልሉ ባንዲራና መዝሙር ጉዳይ ተነሥቶ ልጆች ሲደባደቡ፣ ፖሊስ ግቢ ሲገባ ያየ ሰው ምን ይላል? ለዘመናት ያልተሰማ ድምፅ በትእዛዝ ሲመጣ ልጆቹ ጆሯቸውን ነው የሚደፍኑት። እነዚያ አርባ ልጆች ዜማቸውን በዱላ አላስተማሩንም። የካዛንቺስን ልጅ «መጤ» ብሎ የሚሳደብ ባለሥልጣንም ሆነ ካድሬ የአዴን ስም አላስመለሰም፤ ሌላ ስም የለሽ ሰው ነው የጨመረው።

ካዛንቺስን ካነሳሁ አይቀር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ፈረሰ፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስ። ስንት ትውልድ በቀበሌ ቤት ያደገበት፣ ጠላው፣ ጠጁ፣ የሌሊቱ ሙዚቃ ያልጠፋበት ሰፈር በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆነ። ሰዎቹን ወዴት ወሰዷቸው? ብዙዎቹን ወደ ገላን ጉራ። አዎ፣ ገላን። የአዴ አገር።

እስቲ ይህን ቀስ ብላችሁ አስቡት። የገላን ጎሳ ከኖረበት አንዱ ጥግ ላይ ከተማ ተቆረቆረ። ጣሊያን መጥቶ የቢሮ ሠራተኞቹን ቤት ሠራ። ጣሊያን ሲሄድ ድሃ አደጉ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ሁሉ ገባበት፤ የጣሊያኑን ስም የራሱ አደረገው። ከዚያ ከተማዋ እየሰፋች የዳርቻውን ገበሬ ከእርሻው ነቀለች፤ ኮንዶሚኒየሞቹ ባብዛኛው የበቀሉት ጤፍና ምስር ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ ነው፤ ካሳው ምን ያህል እንደነበር ገበሬውን ጠይቁት። አሁን ደግሞ የካዛንቺስን ሰው ነቅለን እዚያው ወሰድነው። ታዲያ ከሁለቱ ሰፋሪው ማን ነው? የካዛንቺሱ ሰው ወዶ አልሰፈረም። ገበሬውም ወዶ አልተነሣም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል አበሻ፤ ሁለቱም አጥር ተነቅንቋል፣ ሁለቱም ባለቤት ተንቋል። ካፌ ቁጭ ብለን «ሰፋሪ» እና «መጤ» እየተባባልን ስንናከስ፣ አጥር ነቅናቂው ሥራውን ይቀጥላል።

ለዚህ ነው የዚያን ቀን ማኪያቶ ያልጣፈጠኝ። ጓደኛዬ ከሰበታ ነው፤ የሰበታ ገበሬ ለፋብሪካና ለከተማ ሲል ምን እንዳለፈበት ያውቃል። የመንዙ ልጅ የካዛንቺስ ቤታቸው ፈርሶበታል። አንድ ቁስል ይዘው ነው በሁለት ቋንቋ የሚሳደቡት።

ቋንቋ ካልን አንድ ቃል አለ። ጉዲፈቻ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻን በአማርኛ የሚጠራው በዚሁ በኦሮምኛው ስም ነው። ጣሊያን ለመኪናችን ክፍሎች ስም ሰጠን፤ ኦሮሞ ያልወለድነውን ልጅ ልጄ የምንልበትን ቃል ሰጠን። ሞጋሳ የሚባልም አለ፤ አንድን ባዕድ፣ አንዳንዴም መንደሩን በሙሉ፣ የጎሳው አካል የሚያደርጉበት ሥርዓት ነው። እንግዲህ ሰፋሪን የአገር ልጅ የማድረግ ሕግ የነበረው ማን ነው? ስንስቅባቸው የኖርናቸው ሰዎች። ጉዲፈቻ ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ የወሰደህን ቤት ስም ማወቅ። የአሳዳጊህን ስም ሳትጠይቅ ልጅ ነኝ ማለት አይቻልም።

ከዚህ ተነሥቼ የምለው ብዙ አይደለም። በአዲሶቹ ሰፋፊ መንገዶች ላይ አዳዲስ ታፔላ እየተተከለ ነው፤ ላንቻን አንሡ አልልም፣ ካዛንቺስንም አንሡ አልልም፤ ቤቱ ከፈረሰ ስሙ እንኳን ይቅር። ግን ጉለሌ ማን እንደነበር፣ ላፍቶ ምን እንደሆነ፣ ፊንፊኔ የቷ ጋ እንደምትፈልቅ ይጻፍ። የከተማው ልጅ አፋን ኦሮሞ ይማር፤ ባንዲራ ይዞ በመሰለፍ ሳይሆን የአዴን ቀልድ ሰምቶ እሱም እንዲስቅ፣ በቀልዱ እንጂ በሳቸው አይደለም። የልዩ ጥቅሙ ሕግም ተድበስብሶ መቅረቱ ማንንም አልጠቀመም፤ በግልጽ ይውጣና እንከራከርበት፣ የሚነሣው ገበሬም የሚፈርስበት ቀበሌ ቤትም ውስጡ ይግባ። የገላኑም የካዛንቺሱም ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ከኛ ከሦስታችን የተሻለ የሚግባቡ ይመስለኛል።

የመንዙ ጓደኛዬ አሁን ገላን ጉራ ነው የሚኖረው። ባለፈው እሁድ ደወለልኝ። ታክሲው ሰልፍ ነው አለ፣ ውሃው በፈረቃ ነው አለ፣ የካዛንቺስ ዕድር ግን አብሮ መጥቶ እንደገና ተቋቁሟል አለ። ከዚያ ድምፁ ትንሽ ሞቅ አለና፣

«ቅዳሜ ጠዋት ቅቤ የሚያመጡ እናት አግኝቻለሁ፤ እንደ ድሮው፣ በኮባ» አለኝ።

«ማን ይባላሉ?» አልኩት።

ዝም አለ። «አዴ ነው የምንላቸው» አለ ቆይቶ።

«ቅዳሜ ሲመጡ ጠይቃቸው።»